መላእክት ከየትኛው ወገን ናቸው? የመላእክት ባሕርይ በመጽሐፍ ቅዱስ

መጽሐፍ ቅዱስ መላእክትን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ይጠቅሳቸዋል፤ ስለ ባሕርያቸው ለብቻው የተጻፈ አንድም ምዕራፍ ግን የለውም። መልአክ ብቅ የሚለው ሥራ ሲኖረው ነው፤ አጋርን በምድረ በዳ ሊያጽናና፣ ኤልያስን ቀስቅሶ ሊመግብ፣ ጴጥሮስን ከወህኒ ሊያወጣ። ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል፤ ተራኪውም ይህ መልአክ ከምን ተፈጠረ፣ መቼስ ተፈጠረ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ የመላእክትን ባሕርይ የሚጠይቅ ሰው መልሱን መልቀም ያለበት ከታሪኮች ጠርዝ፣ ከመዝሙርና ሐዋርያት በመልእክታቸው መካከል ጣል አድርገው ካለፏቸው አሳቦች ነው።

የመልሱን ስፋት የሚወስን አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በእጃችን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ የትኛው ነው? ፕሮቴስታንቶች 66 መጻሕፍት ይቀበላሉ፤ በዚያ ውስጥ በስማቸው የተጠሩ መላእክት ሚካኤልና ገብርኤል ብቻ ናቸው። ካቶሊኮች ጦቢትን ስለሚጨምሩ ሩፋኤልን ያገኛሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ደግሞ ሄኖክን፣ ኩፋሌንና ዕዝራ ሱቱኤልን ስለሚይዙ ዑራኤልና ፋኑኤል ይታከላሉ፤ ከእነርሱም ጋር ስለ መላእክት አፈጣጠር፣ ሹመትና ውድቀት ሰፊ ትረካ ይመጣል። በሁለት ክርስቲያኖች መካከል ስለ መላእክት የሚነሳ ክርክር ብዙ ጊዜ የትርጓሜ ይምሰል እንጂ ሥሩ የመጻሕፍት ቁጥር ነው።

ይህም ሆኖ መጻሕፍቱን ሁሉ አንድ የሚያደርግ መሥመር አለ። በተለምዶ ዓለምን መንፈስና ሥጋ ብለን ስንከፍል እግዚአብሔርንና መላእክትን በአንድ ወገን፣ ሰውንና እንስሳን በሌላው እናስቀምጣለን። መጽሐፍ ቅዱስ ዋናውን ድንበር የሚያሰምረው በፈጣሪና በፍጡር መካከል ነው። በዚያ ድንበር መላእክት የሚቆሙት ከእኛ ጋር ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው ጥያቄዎች ሁሉ ዞረው ዞረው ወደዚህ ይመጣሉ።

መቼ ተፈጠሩ?

ዘፍጥረት 1 ስድስቱን ቀናት ሲቆጥር መላእክትን አይጠራም። ፍጡራን መሆናቸውን የምናውቀው ከሌላ ቦታ ነው። መዝሙር 148 ከፀሐይ፣ ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር አሰልፎ ለምስጋና ይጠራቸውና ሁሉም በእግዚአብሔር ትእዛዝ እንደ ተፈጠሩ ይናገራል። ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ በሰማይ ያለው የማይታየው ሥልጣን ሁሉ በክርስቶስ የተፈጠረ መሆኑን ያስረዳል። ጊዜውን የሚጠቁመው ኢዮብ 38 ነው፤ የምድር መሠረት ሲጣል የእግዚአብሔር ልጆች በደስታ ሲያሸበሽቡ እናያለን። ይህ ጥቅስ ለመላእክት ከሆነ ምድር ስትመሠረት እነርሱ ነበሩ ማለት ነው።

ኩፋሌ ክፍተቱን በግልጽ ይሞላል፤ የፊቱን መላእክት፣ የእሳቱን፣ የነፋሱን፣ የደመናውን መናፍስት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን መፈጠራቸውን ይዘረዝራል። ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት የሚተርከው የአክሲማሮስ ትምህርትም እሑድ ይላል። በላቲኑ ዓለም ደግሞ አውግስጢኖስ፣ በመጀመሪያው ቀን የተፈጠረው ብርሃን መላእክትን ሊያመለክት ይችላል ብሎ በሌላ መንገድ እዚያው ቀን ላይ ደረሰ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙና እርሱን የተከተለው ዮሐንስ ዘደማስቆ ግን ከሚታየው ዓለም በፊት ተፈጠሩ የሚለውን መረጡ። የቀኑ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። መጀመሪያ እንዳላቸው ግን የተጠራጠረ የለም፤ በ1215 በሮም የተደረገው የላተራን ጉባኤ እንኳ ያጸደቀው መንፈሳዊውም ግዙፉም ፍጥረት በአንድ ፈጣሪ መገኘቱን ነው።

ሥጋ አላቸው?

ዕብራውያን 1 መላእክትን ለአገልግሎት የሚላኩ መናፍስት ይላቸዋል። ሉቃስ 24 ላይ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለደነገጡት ደቀ መዛሙርት እጅና እግሩን ሲያሳይ፣ መንፈስ አጥንትም ሥጋም እንደሌለው አስረግጦ ነው። ሁለቱን ስናገናኝ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሥጋ የላቸውም።

ችግሩ ማዕድ ላይ ይመጣል። በዘፍጥረት 19 ሎጥ ሁለቱን መላእክት ወደ ቤቱ አስገብቶ ቂጣ ጋገረላቸው፤ እነርሱም በሉ። በመሳፍንት 13 የሶምሶን አባት ማኑሄ ጠቦት ላዘጋጅልህ ሲል ግን መልአኩ እምቢ ይላል፤ ምግቡ የሚቃጠል መሥዋዕት ሆኖ ሲቀርብ በመሠዊያው ነበልባል ውስጥ ያርጋል። ጦቢት 12 ሦስተኛ መልስ አለው፤ ያን ሁሉ መንገድ አብሮ የተጓዘው ሩፋኤል ማንነቱን ሲገልጥ፣ ሲበላ የታየው ለዓይን ብቻ እንደ ነበረ ይናገራል። በላ፣ አልበላም፣ የበላ መሰለ፤ ሦስቱም በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ኩፋሌ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሄዳል። በምዕራፍ 15 የፊቱ መላእክት ከተፈጠሩበት ቀን ጀምሮ ግዝረት ያላቸው ተደርገው ይቀርባሉ፤ በምዕራፍ 2ም ሰንበትን ከእግዚአብሔር ጋር ይጠብቃሉ። ጸሐፊው እስራኤል በምድር የምትፈጽመውን ሕግ በሰማይም ሲፈጸም ማሳየት ስለ ፈለገ፣ መላእክቱን የቃል ኪዳኑን ምልክት አሸክሟቸዋል።

መዝሙር 104 (በሰባ ሊቃናት ቁጥር 103) መላእክትን ከነፋስና ከእሳት ጋር ያያይዛቸዋል። ይህን ይዞ መላእክት ከእሳትና ከነፋስ ተሠሩ የሚል አባባል ተስፋፍቷል። ብዙ የአገራችን መምህራን ግን እንዲህ ያለውን ንባብ ያርማሉ፤ መላእክት ካለመኖር ወደ መኖር መጡ፣ እሳትና ነፋስ የተባሉት ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ ኃይላቸውና ስለ ረቂቅነታቸው ነው ይላሉ። ከአራቱ ባሕርያት ቢሠሩ ኖሮ እንደ እኛ በፈረሱ ነበር የሚለው ክርክራቸው ጠንካራ ነው።

የውጭዎቹ ሊቃውንትም አልተስማሙም። በ787 በኒቅያ በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ የተሰሎንቄው ዮሐንስ ጽሑፍ ተነቦ ነበር፤ መላእክት ረቂቅ ይሁኑ እንጂ ፈጽሞ አካል የለሽ ስላልሆኑ ሊሣሉ ይችላሉ ይላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህን አልተቀበለም፤ መላእክት ቁስ ስለሌላቸው እያንዳንዱ መልአክ ለብቻው አንድ ዘር ነው እስከ ማለት ደረሰ። በዘመኑ የነበረው ቦናቬንቱራ ደግሞ ፍጡር ሁሉ፣ መንፈስም ቢሆን፣ የራሱ ዓይነት ቁስ አለው አለ። ከሁሉም ሚዛናዊ ሆኖ የሚታየኝ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ ዘደማስቆ ያስቀመጠው ነው። መልአክ ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ረቂቅ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር ሲነጻጸር ግን ግዙፍ ነው፣ በእውነት ረቂቅ እግዚአብሔር ብቻ ነውና። ይህ አሳብ ሥጋ አላቸው ወይ የሚለውን ጥያቄ ሳይዘጋ ዋናውን ድንበር ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ክንፍና ፊት

ሥዕሎቻችን መልአክን ያለ ክንፍ አያውቁትም። የመጽሐፍ ቅዱስ መላእክት ግን በአብዛኛው ሰው ይመስላሉ። ሰዶም የገቡት እንደ መንገደኛ ታዩ። በማርቆስ ወንጌል በመቃብሩ የተቀመጠው ነጭ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ያዕቆብ በቤቴል በሕልሙ ያያቸው በመሰላል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የዕብራውያን ጸሐፊ እንግዳ መቀበልን ሲያበረታታ አንዳንዶች ሳያውቁ መላእክትን ማስተናገዳቸውን ያስታውሳል፤ ምክሩ ትርጉም የሚኖረው ከሰው የማይለዩ ከሆነ ብቻ ነው። የሚበር መልአክ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ዳንኤል 9 ላይ ገብርኤል በፍጥነት በርሮ ይደርሳል፣ ራእይ 14 ላይም በሰማይ መካከል የሚበር መልአክ አለ።

ክንፍ በዝርዝር የተሰጣቸው ኪሩቤልና ሱራፌል ናቸው። ኢሳይያስ 6 ለሱራፌል ስድስት ስድስት ክንፍ ይሰጣል፤ ሕዝቅኤል 1 የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬና የንስር ፊት ያላቸውን ባለ አራት ክንፍ እንስሳ ያሳያል፤ ምዕራፍ 10 ኪሩቤል መሆናቸውን ይነግረናል። ሰሎሞን በቤተ መቅደሱ ያቆማቸው ሁለት የወይራ እንጨት ኪሩቤል 10 ክንድ ቁመት፣ ለእያንዳንዱ ክንፍ 5 ክንድ ርዝመት ነበራቸው። እነዚህ ፍጥረታት ዙፋኑን ይሸከማሉ፣ ኤደንን ይጠብቃሉ፣ ይቀድሳሉ፤ መልእክት ይዘው ወደ ሰው ቤት ሲላኩ ግን አናይም። ከመላእክት ወገን ያሰለፋቸው ከብሉይ ኪዳን ትረካ ይልቅ በኋላ የመጣው ትውፊት ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አርባዕቱ እንስሳን ኅዳር 8፣ ሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ደግሞ ኅዳር 24 ታከብራለች።

በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሯል። ፊት አለ፣ ክንፍ አለ፣ ገላ የለም። ሠዓሊው በብሩሹ ያስቀመጠው ብዙ የነገረ መለኮት ገጽ የፈጀውን አሳብ ነው ብል አላጋነንኩም፤ የሚያውቅ፣ የሚመለከት፣ የሚፈጥን ፍጡር፣ በሥጋ ግን የማይያዝ።

ጋብቻና ሞት

ሰዱቃውያን ትንሣኤንም መላእክትንም አይቀበሉም ነበር። ሰባት ወንድማማች ተራ በተራ ያገቧት ሴት በትንሣኤ የማን ትሆናለች ብለው ጌታን ሲፈትኑት በአንድ መልስ ሁለቱንም ነካባቸው፤ የሚነሡት እንደ መላእክት ስለሚሆኑ አያገቡም፣ አይጋቡም። ሉቃስ ምክንያቱን ይጨምራል፤ ከእንግዲህ ሊሞቱ አይችሉምና።

ይህ መልስ ዘፍጥረት 6 ላይ የእግዚአብሔር ልጆች የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ ከሚለው ታሪክ ጋር ይጋጫል ይባላል። ሄኖክ ታሪኩን በሰፊው ይተርከዋል፤ ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በአርሞንዔም ተራራ ላይ ተማምለው ወረዱ፣ ሚስት አገቡ፣ ረዓይትን (ግዙፋንን) ወለዱ፣ ለሰው ልጅ የጦር መሣሪያና የአስማት ጥበብ አስተማሩ። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ይነበብ እንደ ነበር አረጋግጠዋል። የይሁዳ መልእክት ከዚሁ ከሄኖክ ትንቢት ይጠቅሳል፤ መኖሪያቸውን ትተው በጨለማ ስለ ታሰሩ መላእክትም ያወሳል።

ሄኖክን የሚያጣጥሉትም የሚያደንቁትም ብዙ ጊዜ ምዕራፍ 15ን ያልፉታል። እዚያ እግዚአብሔር ትጉሃኑን ሲወቅስ ክርክሩ ከሉቃስ ጋር አንድ ነው፤ ለሰው ሚስት የተሰጠው ሟች ስለሆነ ዘሩ እንዲተርፍ ነው፣ የማይሞቱት መናፍስት ግን ሚስት አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ሄኖክ መላእክት በባሕርያቸው ያገባሉ አይልም፤ ማግባታቸው ባሕርያቸውን መጣስ ነው ይላል። ጋብቻ የሚሞቱት ወገኖች ጸጋ ነው በሚለው ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ናቸው።

እንዲህም ሆኖ መንፈስ እንዴት ይወልዳል የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን አስቸግሯል። አውግስጢኖስ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች፣ የሰው ሴቶች ልጆች የተባሉት የቃየን ዘሮች ናቸው ብሎ ፈታው። የእኛም የአንድምታ ሊቃውንት ይህንኑ ይዘዋል፤ በደብር ቅዱስ እንደ መላእክት በንጽሕና ይኖሩ የነበሩ ደቂቀ ሴት ወደ ደቂቀ ቃየን ወረዱ። ሄኖክን በቀኖናዋ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ታሪኩን ለሰዎች መስጠቷ ለመላእክት ባሕርይ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቀች ያሳያል።

እውቀትና ኃይል

በኃይል ከሰው እንደሚበልጡ አያከራክርም። በ2ኛ ነገሥት 19 አንድ መልአክ በአንድ ሌሊት ከአሦር ሠራዊት 185,000 ይመታል። ቁጥራቸውም ከሰው ስሌት ያልፋል፤ ዳንኤል 7 በእልፍ ጊዜ እልፍ ያያቸዋል፣ ጌታም በጌቴሴማኒ ከ12 ጭፍራ በላይ ሊመጣለት ይችል እንደ ነበር ለጴጥሮስ ይነግረዋል። በእውቀትም ቢሆን የቴቁሔይቱ ብልህ ሴት ዳዊትን ልታወድሰው ስትሻ ከመልአክ ጥበብ ጋር አስተያየችው።

ግን ወሰን አላቸው። የመጨረሻውን ቀንና ሰዓት አያውቁም፤ ይህን የተናገረው ክርስቶስ ራሱ ነው። ጴጥሮስ የወንጌሉን ነገር ሊመለከቱ እንደሚመኙ ይጽፋል። ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክት ከዚህ የሚያስገርም አሳብ አለው፤ በሰማይ ያሉ ሥልጣናት የእግዚአብሔርን ልዩ ልዩ ጥበብ የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ከእኛ ይማራሉ ማለት ነው። ኃይላቸውም ይገታል፤ በዳንኤል 10 የተላከው መልአክ በፋርስ አለቃ 21 ቀን ተይዞ ሚካኤል ሊረዳው መጣ። ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉን የሚችል፣ በሁሉ ቦታ ያለ አንድ ብቻ መሆኑን እነዚህ ጥቅሶች በታሪክ ያስተምራሉ።

ምርጫና ውድቀት

ፍጡር ከሆኑ ሊሳሳቱ ይችላሉ? 2ኛ ጴጥሮስ እና ይሁዳ የበደሉ መላእክት መኖራቸውን ያለ ዝርዝር ያልፉታል። ስለ ሰይጣን ውድቀት በተለምዶ የሚጠቀሱት ኢሳይያስ 14 እና ሕዝቅኤል 28 ፊት ለፊት የሚናገሩት ስለ ባቢሎንና ስለ ጢሮስ ነገሥታት ነው፤ ከነገሥታቱ ጀርባ የወደቀ መልአክ አለ የሚለውን ንባብ ካስፋፉት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ ኦሪጀን ነው። ራእይ 12 ሚካኤል ከዘንዶው ጋር ሲዋጋ ያሳያል፤ ጦርነቱ መቼ ተደረገ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በአገራችን ትውፊት ይህ ክፍተት በአክሲማሮስ ትረካ ተሞልቷል። መቶው ነገደ መላእክት በኢዮር፣ በራማና በኤረር ሰፍረው ማን ፈጠረን ብለው ሲጠያየቁ ሳጥናኤል ፈጣሪያችሁ እኔ ነኝ አለ። ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ ባለንበት እንጽና ብሎ ሌሎቹን አረጋጋ። ይህ ትረካ በዘፍጥረት ውስጥ የለም፤ የመጽሐፍ ቅዱስን አሳብ ግን በደንብ አንብቦታል። የሳጥናኤል ኃጢአት ድንበሩን መሻገሩ ነው፣ ፍጡር ሆኖ ፈጣሪ ነኝ ማለቱ። የገብርኤልም ጽድቅ ፍጡርነቱን መቀበሉ ነው።

ከወደቁ በኋላስ? ዕብራውያን 2 ክርስቶስ የረዳው የአብርሃምን ዘር እንጂ መላእክትን እንዳልሆነ ይነግረናል። ዮሐንስ ዘደማስቆ ምክንያቱን ሲያብራራ ለመላእክት ውድቀት ማለት ለሰው ሞት እንደ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ንስሐ የለም ይላል። ሥጋ ሰውን ደካማ ያደረገውን ያህል የመመለሻ ዕድሜም ሰጥቶታል።

ማዕረግና ስግደት

ጳውሎስ መናብርት፣ አጋዕዝት፣ ኃይላት፣ ሥልጣናት እያለ ስሞችን ይደረድራል፤ የማን ማዕረግ ከማን እንደሚበልጥ ግን አይናገርም። ዘጠኝ ነገድ በሦስት ደረጃ የሚለው ሥርዓት የመጣው በ500 አካባቢ በዲዮናስዮስ አርዮስፋጎሳዊ ስም ከተጻፈው መጽሐፍ ነው። የእኛ መቶ ነገድም ከሥነ ፍጥረት ትምህርት የመጣ ነው። በዳንኤል 3 ወደ እሳቱ የወረደው መልአክም ስሙ አልተጠቀሰም፤ ታኅሣሥ 19 በቁልቢና በየደብሩ የሚከበረው ገብርኤል መሆኑን ያስተማረን ትውፊት ነው። ትውፊት ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ አውቆ መያዝ ግን ተገቢ ነው።

ድንበሩ በግልጽ የሚፈተነው በስግደት ነው። በራእይ 19 እና 22 ዮሐንስ በመልአኩ እግር ሥር ሲወድቅ መልአኩ ይከለክለዋል፤ ራሱን ከዮሐንስና ከነቢያት ጋር አብሮ አገልጋይ አድርጎ ይቆጥራል። በኢያሱ 5 ደግሞ ኢያሱ ለሠራዊቱ አለቃ ይሰግዳል፣ አለቃውም አይከለክለውም፤ ያዕቆብም በዘፍጥረት 48 የልጅ ልጆቹን ሲመርቅ ያዳነውን መልአክ ይጠራል። ፕሮቴስታንቶች በራእይ ይጸናሉ፤ ኢያሱ የሰገደለትንና ለአጋርና ለሙሴ የታየውን የእግዚአብሔር መልአክ ብዙዎቹ ሥጋ ከመልበሱ በፊት የተገለጠ ክርስቶስ ነው ይላሉ፣ ይህም ከሰማዕቱ ዮስጢኖስ ጀምሮ የቆየ ንባብ ነው። ኦርቶዶክሳውያን የኢያሱን ታሪክ ለሚካኤል ሰጥተው የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የአክብሮት ስግደት ግን ለቅዱሳንና ለመላእክት ይገባል ብለው ይለያሉ። ልዩነቱ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን መልአክን ማምለክ ክህደት ነው ይላል። የሚከራከሩት ክብር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተቋጨውን ካልተቋጨው መለየት ይቻላል። መላእክት የተፈጠሩ፣ የሚያስቡ፣ የሚመርጡ፣ የማይሞቱ፣ የማያገቡ፣ በእውቀትና በኃይል ወሰን ያላቸው መናፍስት መሆናቸውን ጥቅሶቹ ይደግፋሉ። የተፈጠሩበት ቀን፣ የረቂቅነታቸው ልክ፣ የማዕረጋቸው ቁጥርና የውድቀታቸው ታሪክ ዝርዝር በመጻሕፍቱ ምርጫና በትውፊት የሚወሰን ነው። ዛሬ በየመድረኩ መልአክ አየሁ፣ መልአክ ነገረኝ የሚል ድምፅ በበዛበት ጊዜ ይህ ልዩነት የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይሆንም። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የሰጠው ማስጠንቀቂያ መልአክ ከሰማይ ወርዶ ሌላ ወንጌል ቢሰብክ እንኳ እንዳይቀበሉት ነው። መልአክም ተመርምሮ የሚታመነው ስለዚህ ነው፤ እርሱም እንደ እኛ በላኪው ፊት መልስ ሰጪ ነው።